መድረኩ ክፍት ነው ሲባል የሚዘጋው ሐሳብ፦ ጭምት ሰዎች በጅማ ስብሰባ፣ ክፍልና ጎረቤት

«ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለው/ያላት» የሚለው መስፈርት በጅማ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ለሽያጭ ሠራተኛም፣ ለሒሳብ ሠራተኛም፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያም፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛም እኩል ይጻፋል። ቃለ መጠይቁ ላይ ሲደረስ ደግሞ መግባባት ማለት ፈጠንና ሞቅ ብሎ መናገር ሆኖ ይገኛል። በመሥሪያ ቤት ስብሰባም፣ በክፍል የቡድን ሥራም፣ በእድር ጉባኤም፣ በጎረቤት ቡና ላይም ሚዛኑ ይኸው ነው። ቀድሞ የተናገረ ዐዋቂ ይባላል፤ ያጫወተ ደግ ሰው ይባላል፤ ዝም ያለው ግን ወይ ኩሩ ነው፣ ወይ ሐሳብ የለውም ተብሎ ይታለፋል።

የሚታለፈው ሰውየው ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የግል ይሆን ነበር። አብሮት የሚታለፈው ግን ያየው እንከን፣ የቆጠረው ሒሳብ፣ የታዘበው ስሕተት ነው፤ ያ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ፣ የክፍሉና የሰፈሩ ኪሳራ ነው። ይህ ኪሳራ ጭምቱን ሰው «ተናገር እንጂ» በማለት አይቀርም። የሚቀረው ስብሰባውን፣ ትምህርቱንና የሠራተኛ ምርጫውን የምናካሂድበትን ሥርዓት ስናስተካክል ነው። ማስተካከያው የሚጠይቀው ወረቀት፣ ሰዓትና ተራ ነው።

ጭምትነትና ሌሎች ዝምታዎች

የሰውን ጠባይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልና ወደ ውጭ የሚያዘነብል ብሎ በመለየት የሚታወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ ሐሳቡን በሰፊው ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። ዛሬ ወጣቱ «ኢንትሮቨርት» የሚለው ጭምት ሰው ከብዙ ሰው ጋር ሲውል ቶሎ ይደክመዋል፤ ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ወዳጅ ጋር ሲሆን ኃይሉ ይመለስለታል፤ ከመናገሩ በፊት ማሰብን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃንስ አይዘንክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ የእነዚህ ሰዎች አንጎል በተፈጥሮው ነቃ ያለ ስለሆነ ጫጫታና ግርግር ቶሎ ይበዛበታል የሚል ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው ሙሉ እንዳልሆነ የኋላ ጥናቶች ቢያሳዩም መነሻው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ሁለት ነገር መጨበጥ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ጭምትነት እንደ ቁመት ነው፤ አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ነው፣ ዳር የሚቆመው ጥቂቱ ነው። ሁለተኛ፣ በሰዎች መካከል ካለው የጭምትነት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄሮም ኬገን በሃርቫርድ የአራት ወር ሕፃናትን ሲያጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል አዲስ ድምፅና አዲስ መጫወቻ ሲቀርብለት አጥብቆ እንደሚንቀሳቀስና እንደሚያለቅስ አየ። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ሲያድጉ በአዲስ ሰው ፊት ቁጥብ ሆኑ። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ማን አፍህን ዘጋው?» ብሎ መቆጣት ፍትሕ የለውም።

ከጭምትነት ጋር የሚምታቱ ሌሎች ዝምታዎች አሉ። አይናፋርነት ፍርሃት ነው፤ አይናፋሩ መናገር እየፈለገ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይተወዋል። ጭምቱ ግን ቢጠየቅ ይመልሳል፣ ካልተጠየቀም አይከፋም። ጅማ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የቋንቋ ዝምታ ነው። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ወይም ከዳውሮና ከከፋ የመጣ ተማሪ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲሰበሰብ ዝም ቢል ጠባዩ ላይሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን እንዴት ነው? ሲያጫውት የሚውል ከሆነ ጉዳዩ የጠባይ ሳይሆን የቋንቋ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ጭምት ሁሉ ጥልቅ አሳቢ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የማሰብ ችሎታ ከተጫዋችነት ጋር ይህ ነው የሚባል ዝምድና የለውም። ችግሩ የሚመጣው ዝምድና እንዳለው አድርገን ስንወስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎቹ ካሜሮን አንደርሰንና ጋቪን ኪልዳፍ ሰዎችን በቡድን አድርገው የሒሳብ ጥያቄ ሰጧቸው። በድፍረት የተናገሩት አባላት በጓደኞቻቸው ዘንድ ጎበዝ ተብለው ተቆጠሩ፤ በሒሳብ ችሎታቸው ግን ከሌሎቹ አልበለጡም። ለ94 በመቶው ጥያቄ ቡድኖቹ የመጨረሻ መልስ ያደረጉት መጀመሪያ የተነገረውን መልስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድኖች ከፍለው ባጠኑት ጥናት ደግሞ፣ ጥቂቶች ንግግሩን ከያዙበት ቡድን ይልቅ ተራው ለሁሉም የተዳረሰበት ቡድን የተሻለ ውጤት አገኘ።

ከቡና ቅምሻ ጠረጴዛ የሚገኘው ትምህርት

ጅማ ይህን ችግር የሚፈታ ሥርዓት ከከተማዋ ውጭ መፈለግ አያስፈልጋትም። የቡና ቅምሻ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥርዓቱ በየቀኑ ይሠራበታል። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና አቀማመስ ከእያንዳንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ይገባል፤ 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ያህል ተቆይቶ ላዩ ላይ የጋገረው ቡና በማንኪያ ይሰበራል፣ ሽታው ይወሰዳል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ትንሽ ሲበርድ ይቀመሳል። ቀማሾቹ በጠረጴዛው ዙሪያ እየተዘዋወሩ ሲምጉ ከመማጉ ድምፅ በስተቀር ንግግር የለም። እያንዳንዱ ነጥቡን በራሱ ቅጽ ላይ ይሞላል። ሁሉም ሞልቶ ሳይጨርስ «ይሄ ኮምጣጣ ነው» የሚል ቃል ከአንዱ አፍ ከወጣ የሌሎቹ ምላስ ኮምጣጣ መፈለግ ይጀምራል፤ አምስት ቀማሽ ቀምሶም የተገኘው የአንድ ሰው ፍርድ ይሆናል።

ውይይቱ የሚመጣው ከጽሑፉ በኋላ ነው። ያኔ ከሌሎች በብዙ የራቀ ነጥብ የሰጠ ቀማሽ ምን እንዳገኘ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ያገኘው እንከን ከአምስቱ ስኒ በአንዱ ውስጥ የገባች አንዲት የሻገተች ፍሬ ናት፤ አምስት ስኒ የሚቀዳውም ይህ እንዲገኝ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተጫዋቹም ጭምቱም ፍርዱ እኩል ይመዘናል።

ከከተማው ብዙም በማይርቀው መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ታሪክም ስለ ዝምተኛ ሥራ ዋጋ ይናገራል። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲታይ አዝመራው ላይ ብርቱ አደጋ ተጋረጠ። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለማግኘት ደግሞ በጫካና በገበሬ ማሳ ያሉ የቡና ዛፎችን አንድ በአንድ ማየት፣ ከዘራቸው የበቀሉ ችግኞችን በበሽታው መፈተንና መመዝገብ ግድ ነበር። ዛሬ በብዙ ገበሬ ማሳ ያሉት 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ተጫዋች ሰውም ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ለብቻ ከመዋል ጋር የማይጣላ ሰው ያለ ብዙ ድካም ይቆይበታል፤ ይህን ሰው በቃለ መጠይቅ ቀን «አይናገርም» ብሎ የሚጥል መሥሪያ ቤት ምን እንደጣለ አያውቅም።

ስብሰባው

የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ሰብሳቢው ጉዳዩን ያቀርባል፣ ብዙ ጊዜ ከራሱ አቋም ጋር። «መድረኩ ክፍት ነው» ይባላል። ሁለት ሦስት የታወቁ እጆች ይወጣሉ። የቀረው «ከተባለው የተለየ የለኝም» ይላል። ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብሎ ይዘጋል። ውሳኔው ሥራ ላይ ሲውል እንከኑ ይወጣና በረንዳ ላይ «እኔስ ያኔም ታይቶኝ ነበር» የሚል ይገኛል። ሰውየው አይዋሽም፤ በእርግጥ ታይቶት ነበር።

ለአሥር ሰው ስብሰባ የሚበቃው ማስተካከያ ይህ ነው። አጀንዳው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክ፤ አርእስት ሆኖ ሳይሆን ጥያቄ ሆኖ። «የበጀት ጉዳይ» የሚል መልእክት ማንንም አያዘጋጅም፤ «የተረፈውን ገንዘብ ለኮምፒውተር ጥገና ወይስ ለጄኔሬተር ነዳጅ እናውለው?» የሚለው ግን ጭምቱን ሰው ማታውን ደረሰኝ ሲያገላብጥ ያሳድረዋል። ስብሰባው ሲጀመር አምስት ደቂቃ ጸጥታ ይሰጥ፤ ሁሉም በሩብ ወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ አቋሙንና ምክንያቱን። ጸሐፊው ሰብስቦ፣ አደባልቆ፣ ያለ ስም ያንብብ። ከዚያ ንግግሩ ከአዲሱ ሠራተኛ ጀምሮ ወደ ነባሩ ይሂድ፤ ለመጀመሪያው ዙር ለያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ይናገር። ጽሑፉ አምስት፣ ንባቡ አምስት፣ ዙሩ ሃያ ደቂቃ፤ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ነው። አስቸኳይ ያልሆነ ውሳኔ እስከ ማግስቱ ረፋድ ሳይፈረም ይቆይ።

ከዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጽሑፉ ነው፤ ሲዘለል ግን የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ያለ ጽሑፍ ተራ በተራ ማናገር ብቻውን ከመጥፎው አካሄድ ብዙም አይሻልም፤ ሦስተኛው ተናጋሪ ላይ ሲደረስ ሰው የራሱን ትቶ የተባለውን መድገም ይጀምራል። ጥናቱም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ ለየብቻቸው ያሰቡ አራት ሰዎች ሐሳብ ሲደመር አብረው ተቀምጠው ሐሳብ ካመነጩት አራት ሰዎች በለጠ። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ ሚካኤል ዲልና ቮልፍጋንግ ሽትሮበ አጣሩት፤ በቡድን ውስጥ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ሲጠብቅ የያዘው ሐሳብ ያመልጠዋል።

ሌሎች የሚበላሹ ነገሮችም አሉ። አምስት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሐሳቡ በስልክ ለጸሐፊው ይላክና እሱ ገልብጦ ያንብብ። ሰብሳቢው ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት «እኔ በበኩሌ» ካለ ወረቀቱ የሱን ቃል ይመልስለታል። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሎ ለወራት ካልተከፈተ ሰው በሥርዓቱ ላይ እምነት ያጣል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ወረቀት ይመለሳል። ከሁሉም የከፋው «አንተ ዝም ያልከውስ?» ብሎ በድንገት ጣት መቀሰር ነው። የተጠራው ሰው የሚያስበው ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ከዚያ ዓይን ሁሉ ስለ መውጣት ነውና የሚሰጠው መልስ ከችሎታው በታች ይሆናል፤ ሰብሳቢውም «አየህ፣ ሐሳብ የለውም» የሚለውን ያጸናል።

እድር ላይ ወረቀቱ አይሠራም፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉና። እዚያ የሚሻለው ጉባኤው ከመናገሩ በፊት አባላቱ አጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሆነው ለጥቂት ደቂቃ እንዲመካከሩ ማድረግ፣ ለክርክር ጉዳይም እጅ ከማስወጣት ይልቅ ጠጠር ወይም ፍሬ በተሸፈነ ዕቃ ማስጣል ነው። እግረ መንገድ፣ እድሮች ጭምቱን ሰው ገንዘብ ያዥ ማድረግ ይወዳሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ዝምታ ግን የታማኝነት ማረጋገጫ አይደለምና ደረሰኙም ቁጥጥሩም እንደማንኛውም ገንዘብ ያዥ ይሁን።

ክፍሉ

መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ምን ያህል ነው? ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ትምህርቶችን በድምፅ ስትቀርጽ ያገኘችው መልስ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የሚል ነበር። መምህራኑ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪው መልስ ረዘመ፣ ምክንያት አከለ፣ ቀድሞ የማይናገሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በክፍል ፊት ለቆመ ሰው ረጅም ነው፤ በልብ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሦስት ሰከንድ የሚያስፈልገው ተማሪው መልሶ ሲጨርስ ነው፤ ያኔ ዝም ያለ መምህር ብዙ ጊዜ የተሻለውን ግማሽ መልስ ይሰማል።

ሃምሳና ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚሠራው፣ አንድ ደቂቃ ለብቻ ማሰብ፣ ሁለት ደቂቃ ለሁለት በፈለጉት ቋንቋ መወያየት፣ ከዚያ ለክፍሉ መናገር ነው። የቋንቋ ዝምታውም የጠባይ ዝምታውም እዚህ አብረው ይላላሉ። የአንድ ለአምስት ቡድን ግን ሳይታሰብበት ከተተወ ያባብሳል፤ ጭምቱ ሥራውን ይሠራል፣ አንደበተ ርቱዑ ያቀርባል፣ ነጥቡ ለአቅራቢው ያደላል። አቅራቢው በዕጣ ይለይ፤ ዕጣው ግን ከአንድ ቀን በፊት ይውጣ። ከነጥቡ ግማሹ ደግሞ እያንዳንዱ ለየብቻው ለጻፈው ገጽ ይሰጥ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ የሚያሰማራበት ልማድ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ዕድል ይሰጣል። ተማሪዎች በቡድን ወደ ቀበሌ ወጥተው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ችግር ይለያሉ፣ ቅደም ተከተል ያወጣሉ፣ የመፍትሔ እቅድ ይሠራሉ። መድረክ ላይ የማይታየው ተማሪ እዚህ ይለያል፤ የቤቱ እናት ተናግራ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ሐኪሞች በሽተኛውን የሚያቋርጡት በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መካከለኛው ጊዜ 11 ሰከንድ ነበር። ተቆጣጣሪ መምህራን የመጨረሻውን የመድረክ አቀራረብ ብቻ ሳይሆን የመስክ ማስታወሻውንና የቃለ መጠይቁን ጥራት ቢያዩ ነጥቡ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ስለ ሥራ ቅጥር አጭር ነገር ይበቃል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ ጥያቄዎቹ አመልካቹ ከመግባቱ አሥር ደቂቃ በፊት በወረቀት ይሰጡ፤ እያንዳንዱ ፈታኝ ለያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ጽፎ ሳይጨርስ ከሌላው ጋር አይነጋገር። ለሒሳብ ሠራተኛ ሃያ ደቂቃ የሚወስድ የተምታታ ሒሳብ ማስታረቅ ይሰጥ። «እስቲ ስለራስህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ የሚመዝነው ስለ ራስ መናገርን ነው።

ጎረቤት፣ ልጅና ጫት

ቡና ጠጡ ሲባል መቅረት ንቀት ይመስላል፤ አቦል ጠጥቶ መነሳትም በረካን መግፋት ነው። ጭምት ሰው ከዚህ ልማድ ጋር መጣላት አይጠበቅበትም። በየቀኑ ከመሄድ ይልቅ በሳምንት የታወቀ ቀን ይዞ ሦስቱንም ዙር መቀመጥ ይሻላል፤ ሰው የሚቀየመው ባልታወቀ መቅረት ነው። ቀድሞ «እማማ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ መጥቶ መገኘት ያስከብራል። ሥራ መያዝም ይረዳል፤ ቡና የሚቆላ፣ ፈንዲሻ የሚያዞር ወይም ስኒ የሚያዳርስ ሰው ለምን ዝም አልክ አይባልም።

ለልጅም ይኸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው አይቀርም፤ ከሰላምታ በኋላ ግን ፈንዲሻውን አዳርሶ እንዲሄድ ይፈቀድለት። ኬገንና ባልደረቦቹ እንዳዩት፣ ቁጥብ ሆኖ የተወለደን ልጅ ከአዲስ ነገር ሁሉ የሚሸሽጉ ወላጆች ፍርሃቱን ያቆዩታል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚያለማምዱት ይቀንሱለታል። መሸሸግም ማስገደድም አይበጅም።

ጅማ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በርጫ ላይ ሲቀመጥ አንደበቱ የሚፈታ ጭምት ወጣት መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ በምርቃና ጊዜ ወሬ ይበዛል፣ ሰው ይቀርባል። ሲያልቅ ግን እንቅልፍ ይጠፋል፣ ድብርት ይመጣል፤ እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣ አልኮል፣ ይከተላል። ወጣቱ የሚማረው ያለ ጫት መናገር እንደማይችል ነው። ሰው ፊት የመቅረብ ፍርሃት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ከትምህርት ወይም ከሥራ ካስቀረ፣ ወይም ተጫዋች የነበረ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ከሰው ርቆ፣ የሚወደውን ትቶ፣ እንቅልፉ ከተዛባ ነገሩ ጠባይ አይደለምና ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል መሄድ ይገባል።

ከጭምቱ የሚጠበቀው

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል እውነት አለው፤ «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የሚለውም እንዲሁ። እንከን ያየ ሰው የማሳወቅ ዕዳ አለበት፤ የሚመርጠው መንገዱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማመሳከሪያ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለው ሁሉ ስሙንና ድርሻውን እንዲናገር ያደርጋል፤ መጀመሪያ ላይ አንዴ የተናገረ ሰው ኋላ አደጋ ሲያይ መናገር ይቀለዋልና። ስብሰባ ላይም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ አንድ ትንሽ ጥያቄ መጠየቅ ይህንኑ ያደርጋል። ዋናው ነጥብ ቁጥር ያለበት ከሆነ ለሰብሳቢው ቀድሞ መስጠት ይቻላል። ስብሰባው ካመለጠም በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በዚያው ምሽት ይላክ። ከሳምንት በኋላ የተላከው ወቀሳ ይሆናል፤ የዚያው ምሽት ግን ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ይደርሳል።